ድም የሚል በር

ሰኔ 4

ባለቤቴ ናት ጻፍ ያለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናህ ጋር ስታወራ ከምትውል ደብተር ግዛና እሱን አዋራው፤ እኛም ጆሯችን ይረፍ» አለችኝ። ገዛሁ።

ሥራዬ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ከግቢው በስተግራ ያለው ክፍል የኔ ነው፣ በስተቀኝ ያለው የመዶሻው። መዶሻው የታናሽ እህቴ ባል ነው። ከአፉ ይልቅ መዶሻው ብዙ ስለሚናገር ደንበኞች ያወጡለት ስም ነው፤ አሁን እህቴም ሳትቀር እንደዚያ ነው የምትጠራው። እሱ የተጨፈለቀ ላሜራ ያቃናል፣ ቀለም ይቀባል። ከዚያ መኪናው ግቢውን ተሻግሮ ወደኔ ይመጣና ወንበሩንና የበሩን የውስጥ ሽፋን እኔ እሠራለሁ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖርነው። ቤታችንም ግድግዳ ለግድግዳ ነው።

ዛሬ የሰፈራችን ፋርማሲስት መኪናውን ሊወስድ መጣ። በሩን ሲዘጋው «ድም» አለ። ቆም ብሎ አየኝ። ደግሞ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። ድም። «ኧረ አንተ ሰው፣ ይቺ የኔ አሮጌ ናት?» አለ። ፈገግ አልኩ። ድሮ እንደ ባዶ ጣሳ ነበር የምትንኳኳው።

ምስጢሩን ለሰው አልናገርም፣ ለደብተር ግን ይነገራል። የመኪና በር ሆዱ ባዶ ነው። ከወንበር የሚተርፈኝን ወፍራም ቢጫ ስፖንጅ በልኩ እቆርጣለሁ። መስታወቱ የሚወርድበትን ቦታ ግማሽ ጨረቃ አስመስዬ አወጣለትና የቀረውን እስከ ታች ድረስ ጠቅጥቄ በማስቲሽ አጣብቀዋለሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት ባለፈው በጋ በመዶሻው መኪና ነው፤ ለእህቴ ስጦታ ይሁን ብዬ። መዶሻው ስጠቀጥቅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ውሃስ?» አለኝ። «የምን ውሃ?» አልኩት። ሰማዩ ላይ አንድ ዳመና አልነበረም። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ወጣ። አሁን ከሌላ ሰፈር ድረስ «ያንን ድም የሚለውን ሥራልኝ» እያሉ ይመጣሉ። በዚህ ዕድሜዬ ስም አገኘሁ።

ሰኔ 9

ሲያወርደው ዋለ። የዓመቱ የመጀመሪያ ደህና ዝናብ። እህቴ ምሳ ይዛ መጥታ ስለነበር ሁላችንም የመዶሻው ቆርቆሮ ስር ተጠጋግተን በላን። ልጃቸው ድምቡሼ እጇን ወደ ዝናቡ እየዘረጋች «አጎቴ፣ ሰማዩ ቧንቧውን ረስቶ ሳይዘጋው ሄደ» አለች። መዶሻው እንኳ ሳቀ። ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ቀን መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ ያወቅኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ሰኔ 14

ድምቡሼ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ታስተኛለች። ትራስ ያደረገችላት የኔን ስፖንጅ ነው፤ የአሻንጉሊቷ ራስ ግማሽ ጨረቃው ውስጥ ልክክ ብሎ ገብቷል። ስፖንጁ ረጥቦ ነበር። «ማን ሰጠሽ?» አልኳት። «አባዬ» አለች። ቁርጥራጭ በግቢው መቼ ጠፍቶ! «በእርጥብ ትራስ እንዳትተኛ፣ ጉንፋን ይይዛታል» ብያት ወደ ሥራዬ።

ሰኔ 20

ዛሬ አፌ ቀደመኝ።

ፋርማሲስቱ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ነው መጮህ የጀመረው። «መኪናዬ በርሜል ሆናለች! ፍሬን ስይዝ ወደፊት ቦጭ፣ ስነሳ ወደኋላ ቦጭ። ሚስቴ በሳቅ ልትሞት ነው» አለ። በሩን ይዞ ወዘወዘው። እውነቱን ነው፣ ውስጡ ውሃ ሞልቶ ይንቦጫረቃል።

በር ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። በመስታወቱ ጎማ በኩል ይገባል፣ ከበሩ ግርጌ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀለም የሚቀባ ሰው ካልተጠነቀቀ ቀዳዳዎቹን ሊደፍናቸው ይችላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። «ቀለም ሲቀባ ደፍኗቸው ይሆናል» ነው ያልኩት። ይሆናል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም።

መዶሻው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር ለካ። አየኝ። ብዙ አላየኝም፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ሽቦ አመጣና ተንበርክኮ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ወጋቸው። ውሃው ጉልበቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ከሽቦው ጫፍ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ ነገር ነበር፤ በሱሪው ጠረገው።

«አየህ! ደፍነኸው ነበር!» አለው ፋርማሲስቱ።

«ይቅርታ» አለ መዶሻው።

ሰውየው ረክቶ ሄደ። እኔ ግን ምሳ አልበላሁም።

ሰኔ 27

ጊዜ የለም። ድም የሚል በር የሠራሁላት መምህርም መጣች፣ ውሃ። የዳቦ ቤቱ መኪና፣ ውሃ። የፋርማሲስቱ እንደገና፣ ውሃ። ያ ሰው አፉ አያርፍም፤ ሁሉም ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው «ባለ ቀለሙን ጥራልኝ» ነው የሚሉት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ካልተጠየቅኩ ምን ልበል?

ሐምሌ 3

ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች «እህትህና መዶሻው ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰማሁ» አለችኝ።

«መዶሻው ይጨቃጨቃል እንዴ?»

«እሷ ናት እንጂ። ‹ለምን አትነግራቸውም?› እያለች ትጮህበታለች። እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሲበዛበት ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ መሰለኝ።»

ምን የሚነግራቸው ነገር አለው? ቀለም መቀባቱን እንደሆነ ቀብቷል። ባለቤቴ እጅጌውን አጥፋ ስትጨርስ ቀና ብላ «አንተስ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «እኔ እንጃ» አለች። የሴት እኔ እንጃ ያስፈራል።

ሐምሌ 8

መዶሻው ቀለም ሊገዛ ወጥቶ ነበር። እንደገና ውሃ ሞልታ የመጣችውን የመምህሯን መኪና ለብቻዬ ወደ ክፍሌ አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። እንደ ሌባ። በገዛ ቤቴ!

የበሩን ሽፋን ፈታሁት። ሽታው ነው መጀመሪያ የመጣው፤ የረጋ ውሃና የበሰበሰ ጨርቅ። እጄን ሰድጄ ስፖንጁን ስስበው ግማሹ ብቻ መጣ፣ የቀረው እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈረፈረ። ፍርፋሪው ወርዶ ወርዶ ግርጌው ላይ ተከማችቷል፤ ቀዳዳዎቹን እንደ ቡሽ ወትፏቸዋል። ከስፖንጁ ኋላ የተደበቀው ላሜራ መዛግ ጀምሯል። የመዶሻው ቀለም ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ንጹሕ ነው። አንዱንም አልደፈነም። እንዲያውም ዙሪያቸውን በጥንቃቄ አልፏቸዋል፤ የሠራ እጅ ያስታውቃል።

ስፖንጁን ጠራርጌ አውጥቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና ከጨርቅ ጥቅል በታች ደበቅኩት።

ማታ መምህሯ መጣች። «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። እኔም «ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ነበር፤ ከፍቻቸዋለሁ» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም። እሷም «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር! እኚያ ሰውዬ ግን ሥራቸውን ቢያስተውሉ ጥሩ ነው» ብላ ሄደች።

ደብተር ነውና ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። ሳትጠረጥረኝ የማትቀር መስሎኝ ነበርና ደስ አለኝ። ደስታው ግን ከበሩ አልወጣም፤ ሳይውል ሳያድር ራሴን ጠላሁት።

ሐምሌ 11

ልነግረው ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ላሜራ ያቃናል። አጠገቡ ቆምኩ። መዶሻውን አስቀመጠና ጠበቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «ትራፒኖህን አንዴ ታውሰኛለህ?» አልኩት። አነሳና ሰጠኝ። የብረት መብሻ እኔም አለኝ። እሱም እንዳለኝ ያውቃል።

እስካሁን አልመለስኩለትም።

ሐምሌ 17

አንድ ሰው መኪናውን ይዞ መጥቶ «ወንበሩንና በሩን አንተ ሥራልኝ፣ ቀለሙን ግን ሌላ ቦታ አስቀባለሁ» አለኝ። መዶሻው እየሰማ። ሰውየውን «እንደሱማ አይሆንም፣ ሂድ» ልለው ይገባ ነበር። «እንደ ፍላጎትህ» አልኩት።

የመዶሻው ክፍል ጸጥ ብሏል። ቀደም ሲል የመዶሻው ድምፅ ጆሮዬን ሲበጥሰኝ «ኧረ ትንሽ አሳርፈን!» ብዬ እጮህ ነበር። አሁን አንድ ዱላ እንዲያሳርፍ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያይ አየሁት። የሠራውን ሳይሆን እጁን።

ለምን እንደማልናገር ራሴን ጠየቅኩ። አዲስ ደንበኛ ድም የሚል በር ፈልጎ ነው የሚመጣው። ከተናገርኩ ያ ሁሉ በር የኔ ጥፋት ይሆናል፤ «ያ የወንበር ሰው መኪና ያበላሻል» ይባላል። ካልተናገርኩ ደግሞ የሚባለው በእህቴ ባል ላይ ነው። ይኸው ነው። ስጽፈው ቀላል ነው፣ ምርጫውም የማያሻማ ነው። ነገ እናገራለሁ።

ሐምሌ 18

አልተናገርኩም። ዘነበ፣ ማንም አልመጣም።

ሐምሌ 22

እህቴ ክፍሌ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም፤ የስፌት መኪናውን ተደግፋ ቆመች። ልጅ ሳለች ስትቆጣ አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

«ልንሄድ ነው ጋሼ» አለች። «የድሮ አሠሪው ጋራዥ አለው፣ ሩቅ ነው፣ ሌላ ከተማ። ና ብሎታል።»

«በክረምት? ልጅ ይዛችሁ?»

«እዚህማ ማን ሥራ ይሰጠዋል?» አለችኝ። «እሱ ቅያሜ የለውም። ሲቀየም አላውቅም፣ አንዳንዴ እንዲያውም በዚህ ያናድደኛል። እኔ ግን አለኝ። ስሙን ያጠፋኸው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልስለት። እሱን ካደረግክ የትም አንሄድም። እኔም መሄድ አልፈልግም ጋሼ። ከእናቴ ቀጥሎ ያሳደግከኝ አንተ ነህ።»

«እናገራለሁ» አልኳት። «በእናታችን ስም።»

አመነችኝ። ስትወጣ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። ይቺ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ያልኳትን ሁሉ ታምናለች፤ ውሃ ዋና ሳላስተምራት «አትሰምጪም» ስላት እንኳ ዘላ ገብታለች።

ሐምሌ 25

ይህን ቀን ከደብተሩ ላይ ባልጽፈው በወደድኩ።

ፋርማሲስቱና መምህሯ ግቢው ውስጥ ተገጣጠሙ። የዳቦ ቤቱ ሾፌርም ነበር። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? መሃል ግቢ ቆምኩና «ስለ መዶሻው አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እህቴ ምሳ ይዛ በበሩ ስትገባ በዓይኔ ጥግ አየኋት። ጆንያው ከኋላዬ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ አምጥቼ መሬት ላይ መዘርገፍ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ፋርማሲስቱ የመኪናውን በር በመሃል ገፋ አደረገው። ድም። «ይቺን ብቻ ስሰማ ንዴቴ ይበርድልኛል፤ ያንተ ሥራ ባይኖር ኖሮ ይቺን መኪና ሸጬያት ነበር» አለ።

እና እኔ ምን አልኩ? «መዶሻው ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ሰው ነውና ይሳሳታል፤ እለፉት» አልኩ።

እለፉት! እኔ ነኝ ያልኩት። ፋርማሲስቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዞር ስል እህቴ የለችም። ምሳው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ዝናብ ጀምሮበታል።

ባለቤቴ ማታ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ሄደች።

ሐምሌ 28

ይጭናሉ። መዶሻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ደረደራቸው። አግዛለሁ፣ ማንም አግዝ አላለኝም፣ ማንም ተው አላለኝም። ትራፒኖውን መለስኩ።

ሐምሌ 30

አንድ ነገር አስጨንቆኛል። የነሱም መኪና በሩ ውስጥ ስፖንጅ አለ። መኪናቸው ሩቅ ካልሄዱ አትነሳም፣ ክረምቱን ሙሉ ከቤት ጀርባ ዝናብ ላይ ቆማ ነው የከረመችው። ሆዷን ውሃ ሞልቶት፣ ልጅ ጭነው፣ ያንን ሁሉ መንገድ! ሾልኬ ሄጄ ላውጣላቸው ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ተነሳሁ። ጓሮ ስደርስ የኩሽናቸው መብራት በርቷል። ቢያየኝ ምን እለዋለሁ? ተመለስኩ።

ነገ ከመነሳታቸው በፊት ሁሉንም እነግረዋለሁ። ሳይመሽብኝ ልናገር ስል መሸብኝ፤ ቢሆንም ሳይሄድ ይስማ። ይቅር ካለኝ ዕቃውን አብሬው አወርዳለሁ።

ነሐሴ 1

ሄዱ።

ሌሊት ዘንቦ ጠዋት አባርቶ ነበር። ዕቃው ተጭኗል፣ ድምቡሼ ከኋላ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን አቅፋለች፣ መዶሻው መሪው ላይ ነው። እህቴን ባለቤቴ አቅፋ አልለቅ ብላት ነበር፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔን ስትሰናበተኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ገብታ ተቀመጠች። በሩን እኔ ልዝጋላት አልኩ፤ በዚያው ጎንበስ ብዬ ለመዶሻው ልነግረው።

በሁለት ጣቴ ገፋ አደረግኩት። ድም የሚል በር ሲዘጋ እንዲሁ ነው፣ ኃይል አይፈልግም። አልተዘጋም። ተንኳኩቶ ተመለሰ።

«ጠንከር አድርገህ ነው ጋሼ» አለ መዶሻው ወደፊት እያየ። «ባዶ ነው።»

ደግሜ ወረወርኩት። እንደ ድሮው እንደ ጣሳ ጮኸ። ውስጡ ጠብታ ውሃ የለም። ያን ጊዜ የድምቡሼ አሻንጉሊት ራሷን ያሳረፈችበትን አየሁት፤ ያው ቢጫ፣ ያው ግማሽ ጨረቃ። እኔ በእጄ የቆረጥኩት።

በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ። «መቼ ነው ያወጣኸው?»

«የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበ ለታ።»

«ከነፋርማሲስቱ በፊት? ታውቅ ነበር? ሁሉንም?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምንድነው ዝም ያልከው? በሰው ፊት ይቅርታ ስትል፣ ሰዎቹ ሲሄዱብህ...»

እጁን መሪው ላይ አየ። 

«የሚስቴ ወንድም ነህ። በደንበኛ ፊት እንዴት ላዋርድህ?» አለ። ቀጥሎም «ደግሞ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ሞተሩን አስነሳ።  «ይቅርታ» እንኳ አላልኩም፤ ያቺን ቃል እሱ ስለኔ ብሎ ጨርሷታል። መኪናዋ የግቢውን በር ስታልፍ ጎድጓዳው ላይ ዘለለች፣ በሮቿ አራቱም ተንኳኩ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰሙኝ ነበር።

ነሐሴ 2

ጆንያውን አውጥቼ የክፍሌ በር ላይ ዘረገፍኩት። ማንም መጥቶ ይየው። ማንም አልመጣም፣ ይዘንባል።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ስፖንጁን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይሄን ነው ያን ጭቅጭቃቸውን ከሰማሁ ጀምሮ ስጠብቅ የነበረው» አለችኝ። «አንድ ቀን ቀድመህ ብታወጣው ኖሮ።» ከዚያ ጃንጥላ አምጥታ በላዬ ያዘችልኝ። ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ነሐሴ 4

ለፋርማሲስቱ ደወልኩ።

«መኪናህን አምጣው» አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሩ ውስጥ ስፖንጅ የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ፣ ውሃውን የያዘው እሱ ነው። መዶሻው አንድም ቀዳዳ አልደፈነም።»

 ከዚያ ሳቀ፣ በክፋት አልነበረም። «አይ አንተ!» አለኝ። «ሰውየው ከሄደ በኋላም ጥፋቱን ልትሸከምለት? ለእህትህ ስትል መሆኑ ይገባኛል። ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይቅርታ ብሎኛል እኮ በራሱ አፍ!»

«የለም፣ ስማኝ...»

«ተወው ወዳጄ። ደግ ሰው ነህ» አለኝ።

የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጬ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። እንደገና ደወልኩለት። ነገ ጠዋት መኪናዋን ይዞ ይመጣል። መምህሯንም የዳቦ ቤቱን ሾፌርም ጠርቻቸዋለሁ። ወደ ክፍሌ አላስገባትም፤ እዚያው መሃል ግቢ፣ ባለፈው የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ በሩን በፊታቸው እፈታዋለሁ።